ሰው ስለ ምን ተፈጠረ? የእስልምና ትምህርት በሀዲያና በከምባታ አገር

ሰው ስለ ምን ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ፥ ሽማግሌ ሲቀበር፥ ዝናም ሲዘገይ፥ የከብት በሽታም ሲገባ ሕዝብ ሁሉ በየቋንቋው ይጠይቀዋል፤ መልሱንም ብዙ ጊዜ በቃል ሳይሆን በሥራ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሃይማኖት ስለ ሕይወት ዓላማ ምን እንደሚያስተምር ለማወቅ የሚፈልግ የባሕል ተመራማሪ ሁለት ነገር መመርመር አለበት። አንደኛው መጽሐፉ ምን እንደሚል ነው፤ ሁለተኛው ትምህርቱን የተቀበለው ሕዝብ እንዴት አድርጎ እንደ ኖረበት ነው።

ለእንዲህ ያለው ምርመራ የሀዲያና የከምባታ አገር እጅግ የተመቸ ነው። እስልምና በሀዲያ ዘንድ በ14ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ሃይማኖት ነበር። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት በኋላ ግን መምህራኑን አጥቶ ለብዙ ትውልድ ከሌሎቹ የእስላም አገሮች ተለይቶ ቈየ። ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ደግሞ በአዳዲስ መምህራን እጅ እንደገና ተተከለ። አንድ ሃይማኖት ሥርዐቱ ሳይጠፋ ዓላማው ሲለወጥ፥ በኋላም ዓላማው ተመልሶ ሲሰበክ ምን እንደሚመስል ለማየት ይህ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አገሩና ሕዝቡ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ስፍራው አስቀድሞ ዋቸሞ ይባል ነበር፤ ይህም ስም ዛሬ በከተማይቱ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስም ሆኖ ይጠራል። ሆሳዕና የሚለው ስም የወጣላት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በኋላ ራስ በተባሉት በአባተ ቧያለው ዘመን ሲሆን፥ ከፋሲካ በፊት ባለው እሑድ ከሚውለው የክርስቲያን በዓል የተወሰደ ነው። ከ2023 ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ከርሷ ወደ ደቡብ የሀዲያ ከተማ የሆነችው ሾኔ፥ እንደዚሁም የከምባታ ከተሞች አንጋጫ፥ ዱራሜና ሺንሽቾ ይገኛሉ። ወደ ምሥራቅ ዝቅ ሲሉ የሀላባ ከተማ ቁሊቶ አለች።

የሀዲያ፥ የከምባታና የሀላባ ቋንቋዎች ከአንድ ምንጭ የወጡ የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ይልቁንም የከምባታና የሀላባ ቋንቋዎች እጅግ ይቀራረባሉ። ሕዝቡ በእንሰት፥ በእህልና በከብት ይተዳደራል። በሃይማኖት ግን ተለያይቷል። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከሀዲያ ዞን ነዋሪ ከመቶ 75 ያህሉ ፕሮቴስታንት፥ ከመቶ 11 ያህሉ ሙስሊም ሆኖ ተገኝቷል፤ የቀረው አብዛኛው ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ነው። በሀላባ ግን ሙስሊሞች ከመቶ 90 በላይ ነበሩ። እንግዲህ ቋንቋቸው ተቀራራቢ፥ እርሻቸውም አንድ ዐይነት የሆነ ጎረቤታሞች ሰው ስለ ምን ተፈጠረ ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ይዘው አብረው ይኖራሉ ማለት ነው።

የእስልምና መልስ

እስልምና ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ በአራት አሳቦች ላይ የቆመ ነው። እነርሱም አገልግሎት፥ አደራ፥ ፈተናና የወዲያኛው ዓለም ሒሳብ ናቸው።

የመጀመሪያው አሳብ በዐረብኛ ዒባዳ ይባላል። ቃሉ በአማርኛ አምልኮ ተብሎ ቢተረጐምም፥ ሥሩ አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ከሆነው ዐብድ ከሚለው ቃል ጋራ አንድ ነው። በ51ኛው የቁርኣን ምዕራፍ፥ በአዝ-ዛሪያት፥ ጂንም ሆነ ሰው የተፈጠረው አላህን ለማምለክ ብቻ እንደ ሆነ ተገልጧል፤ ወዲያውም አላህ ከፍጥረቱ ሲሳይም ሆነ ምግብ እንደማይፈልግ ተነግሯል። ይህ ተከታይ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በብዙ ጥንታዊ ሃይማኖት መሥዋዕት ለመንፈሱ እንደ መብል ይቀርብለታል፤ ሰው ይሰጣል፥ መንፈሱም በበኩሉ ዝናምና ልጅ ይሰጣል። በእስልምና ትምህርት ግን ይህ ልውውጥ ከሥሩ ተቈርጧል። በ22ኛው ምዕራፍ፥ በአል-ሐጅ፥ ከታረደው ከብት ሥጋውም ደሙም ወደ አላህ እንደማይደርስ፥ የሚደርሰው አላህን መፍራት እንደ ሆነ ተጽፏል። እንግዲህ አምልኮ የሚጠቅመው ተመላኪውን ሳይሆን አምላኪውን ነው።

ሁለተኛው አሳብ አደራ ነው። በ2ኛው ምዕራፍ፥ በአል-በቀራ፥ አላህ በምድር ላይ ኸሊፋ፥ ማለት ምትክ የሆነ ባለ አደራ እንደሚያደርግ ለመላእክት ሲያስታውቅ፥ እነርሱም ይህ ፍጡር ምድርን እንዳያበላሽና ደም እንዳያፈስ መስጋታቸው ተተርኳል። በ33ኛው ምዕራፍ፥ በአል-አሕዛብ፥ ሰማያትና ምድር፥ ተራሮችም ለመሸከም የፈሩትን አደራ ሰው እንደ ተሸከመው ይነገራል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የሰው ክብር ከሥልጣኑ ሳይሆን ከተጠያቂነቱ የመነጨ መሆኑ ነው። መሬቱ፥ ከብቱ፥ ልጁም ቢሆን የርሱ ገንዘብ ሳይሆን በእጁ የተቀመጠ አደራ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ነው። በ67ኛው ምዕራፍ፥ በአል-ሙልክ፥ ሞትና ሕይወት የተፈጠሩት ከሰዎች መካከል በሥራው የሚሻለው ማን እንደ ሆነ ለመፈተን መሆኑ ተገልጧል። አራተኛው አሳብ ከዚህ ይከተላል። ፈተና ካለ ፍርድ አለ፤ ፍርዱም የሚሰጠው በአኺራ፥ በወዲያኛው ዓለም ነው። በ23ኛው ምዕራፍ፥ በአል-ሙእሚኑን፥ ሰዎች በከንቱ የተፈጠሩና ወደ አላህ የማይመለሱ መስሏቸው እንደ ሆነ በተግሣጽ ይጠየቃሉ። እስልምና ሕይወት ትርጕም አላት የሚለው ስለ ሕይወት ምቾት ወይም ስለ ዕድሜ ርዝመት ሳይሆን ስለዚህ መመለስ ነው።

እነዚህን አራት አሳቦች ከሰው የዕለት ሥራ ጋራ የሚያያይዛቸው ኒያ፥ ማለት የልብ አሳብ ነው። ኢማም ቡኻሪ (810–870) የሰበሰቡት የሐዲስ መጽሐፍ የሚጀምረው ሥራ ሁሉ በኒያው እንደሚመዘን በሚናገር የነቢዩ ሙሐመድ ቃል ነው። በአገራችን ደቡብና ምሥራቅ በሰፊው በሚሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ ሶላትም ጾምም ያለ ኒያ አይጸናም። ሁለት ሰዎች አብረው ከፀሐይ መውጫ በፊት እስከ መግቢያዋ ቢጾሙ፥ የአንደኛው ጾም አምልኮ፥ የሁለተኛው ረኃብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ለዐይን አይታይም። ይህ ነጥብ ወደ ሀዲያ ታሪክ ስንደርስ ታላቅ ዋጋ ይኖረዋል።

የኋላ ሊቃውንት ይህን ትምህርት በሁለት መንገድ አስፍተውታል። አል-ገዛሊ (1058–1111) ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን በተባለው ሰፊ መጽሐፋቸው የሕግ ዕውቀት ብቻውን ልብን ካላነጻ ወደ አኺራ እንደማያደርስ አስረድተዋል። የግራናዳው አሽ-ሻጢቢ (በ1388 የሞቱ) ደግሞ ሕጉ ሁሉ የወጣው አምስት ነገሮችን ለመጠበቅ መሆኑን አብራርተዋል፤ እነርሱም ሃይማኖት፥ ነፍስ፥ አእምሮ፥ ዘርና ንብረት ናቸው። ዘርና ንብረት ከአምስቱ መቈጠራቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ የሀዲያና የከምባታ አባቶች ከሁሉ አብልጠው ይፈልጓቸው የነበሩት እነዚህን ሁለቱን ነውና።

የጥንቱ የሀዲያ እስልምና

ጸሐፊው አል-ዑመሪ (በ1349 የሞቱ) ካይሮ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ሰምተው በጻፉት መጽሐፍ ሀዲያን ከሰባቱ የኢትዮጵያ እስላማዊ መንግሥታት አንዷ አድርገው ቈጥረዋታል፤ የሠራዊቷንም ብርታት አመስግነዋል። ያቺ ሀዲያ ከዛሬው የሀዲያ ዞን ሰፋ ያለችና ወደ ምሥራቅ የተዘረጋች ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በ1316 ወይም በ1317፥ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በሀዲያ ላይ ዘምተው ነበር። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው የሀዲያው ገዥ አማኖ ግብር አላመጣም ያለው በልዓም የሚባል ነቢይ ነኝ ባይ መክሮት ነው። ይህን የጻፈው የጠላት ወገን ጸሐፊ ስለ ሆነ፥ በልዓምም የሚለው ስም ከብሉይ ኪዳን የተወሰደ ስለ ሆነ፥ ቃሉን እንዳለ መቀበል አይገባም። ሆኖም በገዥው አደባባይ ከቃዲና ከሸይኽ ሌላ የትንቢት ሰዎች ቦታ እንደ ነበራቸው ይጠቁማል። እስልምና በሀዲያ ከላይ ከገዥዎች ጀምሮ የተዘረጋ ሲሆን፥ ከሥሩ የጥንቱ ልማድ ሳይነቀል እንደ ቈየ ለመገመት ይቻላል።

በ15ኛው መቶ ዓመት የሀዲያው ገራድ መሕመድ ልጅ እሌኒ ክርስትና ተነሥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት ሆነች፤ በኋላም በልብነ ድንግል ሕፃንነት ዘመን አገሪቱን በእንደራሴነት አስተዳደረች። በኢማም አሕመድ ጦርነት (1529–1543) ጊዜ ደግሞ የሀዲያ ገዥ ለኢማሙ ገብሮ ልጁን እንደ ዳረለት ፉቱሕ አል-ሐበሻ የተባለው የዐረብኛ ታሪክ ይናገራል። ሀዲያ በሁለት ታላላቅ ኀይሎች መካከል ስትኖር ሃይማኖትና ፖለቲካ እንደዚህ ይተሳሰሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት አሮጌዎቹ የንግድና የትምህርት መንገዶች ተቈረጡ። የሀዲያ ጐሣዎች ከፊሉ ከኦሮሞ ጋራ ተዋሐደ፤ ከፊሉ ወደ ምዕራብ እየተጓዘ ዛሬ ባለበት አገር ሰፈረ። ከብቱን ነድቶ፥ ልጁን አዝሎ የሚሰደድ ሕዝብ ሥርዐቱን ሊሸከም ይችላል፤ የመጽሐፍ ቤቱንና መምህሩን ግን ይዞ ለመሄድ ይቸግረዋል።

ፋንዳኖ

ከዚህ ሁኔታ ውስጥ ፋንዳኖ የተባለው የሀዲያ ሃይማኖት እየጸና መጣ። ስለዚህ ሃይማኖት ሰፊ ጥናት ያደረጉት ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ናቸው፤ የሀዲያን ታሪክ በ1980 በጀርመንኛ፥ በ2012 ደግሞ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በፋንዳኖ ዘንድ የሰማይ አምላክ ዋዓ ይባላል፤ በከምባታ በኩል ይኸው የሰማይ አምላክ ማጋኖ ነው። የፋንዳኖ ሰዎች ይጸልያሉ፥ የተወሰኑ ቀኖች ይጾማሉ፥ ከነርሱ ወገን ያልሆነ ያረደውን ሥጋ አይበሉም። እንዲህ ያሉት ሥርዐቶች ከጥንቱ እስልምና የቀሩ መሆናቸውን ብራውኬምፐር አስረድተዋል። ከዚሁ ጋራ ለዝናም የሚደረግ መሥዋዕት፥ በዛፍና በተቀደሰ ስፍራ የሚቀርብ ልመና፥ የመንፈስ ፍርሃትም አብሮ ነበር።

ፋንዳኖን የተበላሸ እስልምና ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ይህ ግን ነገሩን አይገልጸውም። ፋንዳኖ ለሚያምንበት ሕዝብ ሙሉ ሃይማኖት ነበር፤ ለጥያቄዎቹም ሁሉ መልስ ነበረው። የሚሻለው አቀራረብ ከላይ የተነገሩትን አራቱን አሳቦች በፋንዳኖ ውስጥ ፈልጎ የትኛው ቀርቶ የትኛው እንደ ተለወጠ መመልከት ነው።

አገልግሎት ቀርቷል፤ ሰው ለፈጣሪ መስገድና መጾም እንዳለበት አልተረሳም። ነገር ግን የአገልግሎቱ መድረሻ ተለውጧል። ጾሙና ጸሎቱ የሚያመሩት በይበልጥ ወደዚህ ዓለም በረከት ነው፤ ዝናም በጊዜው እንዲዘንም፥ ሴት እንድትወልድ፥ ከብት እንዲረባ፥ በሽታ እንዲርቅ። አኺራና የፍርድ ቀን፥ በእስልምና ትምህርት የሕይወት ዓላማ ማሰሪያ የሆኑት፥ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ልውውጡም ተመለሰ፤ ሰው ይሰጣል፥ ሰማይም ይመልሳል። ሥርዐቱ በውጭ ሲታይ የሙስሊምን ይመስል ነበር፤ ኒያው ግን ሌላ ነበር። አንድ ሃይማኖት መምህራኑን ሲያጣ አስቀድሞ የሚጠፋው ሥርዐቱ ሳይሆን ዓላማው እንደ ሆነ ፋንዳኖ ያስተምራል። ሥርዐትን ልጅ ከአባቱ አይቶ ይማረዋል፤ ዓላማን ግን ካልነገሩት አያውቀውም።

ዘርና ከብት

ፋንዳኖ የመለሰው ጥያቄ የጥንት ጥያቄ ነው። በሀዲያ ዘንድ ሰው ሙሉ ሰው የሚባለው ዘርና ከብት ሲኖረው ነበር። ከብቱ መቶ ወይም ሺህ የደረሰለት ሰው ታላቅ ድግስ ደግሶ ማዕረግ ያገኝ ነበር፤ ስሙም በዘሩ አፍ ይኖራል። የከብት ብዛት የግል ሀብት ብቻ ሳይሆን ሕይወት ከንቱ ላለመሆኗ ምስክር ነበር። የእንሰት እርሻም ይህን አሳብ ያጠናክረዋል። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅ የሚተክለው ሰው ሁልጊዜ ለነገ፥ አንዳንዴም ለልጁ ይተክላል። አምቾው ተቈርጦ ሲቀበር በዙሪያው ብዙ ችግኝ ያወጣል። አንዱ ሲጠፋ ብዙው ከርሱ ይበቅላል፤ የአባትና የልጅ ነገርም ለገበሬው እንደዚሁ ነበር።

ወደዚህ አገር እንደገና የመጡት የእስልምና መምህራን ከዚህ አሳብ ጋራ መገናኘት ግድ ሆነባቸው። በአንድ በኩል 102ኛው የቁርኣን ምዕራፍ፥ አት-ተካሡር፥ ሰዎችን በብዛት መፎካከር እስከ መቃብር ድረስ እንደሚያዘናጋቸው ይገሥጻል። ለመቶው ከብት ድግስ ይህ ጽኑ መልስ ነው። በሌላ በኩል ግን ትምህርቱ የዘርን ፍላጎት አላወገዘም፤ አቅጣጫውን ለወጠው እንጂ። ኢማም ሙስሊም በሰበሰቡት ሐዲስ ሰው ሲሞት ሥራው ሁሉ ይቋረጣል፤ የማይቋረጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ቀጣይነት ያለው ምጽዋት፥ ሌሎች የሚጠቀሙበት ዕውቀትና ለወላጁ የሚጸልይ ደግ ልጅ። ልጅ እንግዲህ የአባትን ስም የሚያስጠራ ብቻ ሳይሆን ለአባቱ አኺራ የሚጸልይ ሆነ። የጥንቱ ምኞት ሳይሻር ከፍ ወዳለ ዓላማ ተዛወረ።

ለእንሰቱም እንዲሁ የሚስማማ ትምህርት አለ። ቡኻሪ አል-አደብ አል-ሙፍረድ በተባለው መጽሐፋቸው ባሰፈሩት ሐዲስ የዓለም ፍጻሜ ሲደርስ በእጁ የተምር ችግኝ የያዘ ሰው ከቻለ ይትከለው ተብሎ ታዟል። የዓለም መጨረሻ በደረሰበት ሰዓት የሚተከል ችግኝ ለማንም መብል አይሆንም። ስለዚህ የመትከል ዋጋው በፍሬው ሳይሆን በታዛዥነቱ ነው። እንሰት ተካዩ ገበሬ ለልጁ በማሰቡ አልተነቀፈም፤ ልጁ ባይደርስለትም እንኳ ሥራው ከንቱ እንዳልሆነ ተነገረው። ልጅ ለሌለው ሰው፥ ከብቱም ላለቀበት ሰው ይህ ታላቅ መጽናኛ ነው። በጥንቱ ሚዛን እንዲህ ያለው ሰው ሕይወቱ ባዶ ቀርቶ ነበርና።

የመምህራን መመለስ

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ከጉራጌ አገር አጠገብ በቀቤና የእስልምና እንቅስቃሴ ተነሣ። የቀቤና ቋንቋ ከሀላባና ከከምባታ ቋንቋ ጋራ የሚዛመድ ነው። መሪው ሐሰን ኤንጃሞ በዙሪያው ያሉትን ሕዝቦች አስተባብሮ የሸዋን ሠራዊት ሲቋቋም ቈይቶ በ1889 በራስ ጎበና ጦር ተሸነፈ። መንግሥቱ ቢፈርስም ትምህርቱ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ በጉራጌና በስልጤ አገር የቃጥባሬ፥ የአብሬትና የአልከሶ የትምህርትና የዚያራ ስፍራዎች ስማቸው ገነነ፤ ከሀዲያና ከአካባቢው የሚሄዱ ተማሪዎችና ተሳላሚዎችም ነበሩ። ደረሳው በእንጨት ሉሕ ላይ ቁርኣንን እየጻፈ ያጠናል፤ ቀጥሎም የተውሒድና የፊቅህ ትምህርት ይሰማል። በዚህ መንገድ ሥርዐቱ ዓላማውን ከሚያስረዳው ትምህርት ጋራ እንደገና ተገናኘ።

ከሀላባና ከሀዲያ ብዙ ሰዎች በባሌ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሸይኽ ሑሴን ይጓዙ ነበር፤ ዛሬም የሚጓዙ አሉ። ተጓዡ በራሱ ባላ የሆነ በትር ይዞ፥ መንፈሳዊ ዜማ እያዜመ ይሄዳል። ብዙዎቹ የሚሄዱት ልጅ ለመለመን፥ ከበሽታ ለመዳን፥ ወይም ስለተፈጸመላቸው ስለት ለማመስገን ነው። በዚህ የተነሣ ከ1991 ወዲህ በኢትዮጵያ ሙስሊሞች መካከል ጠንካራ ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዶቹ መምህራን በወልይ መቃብር ላይ መለመን ለአላህ ብቻ የሚገባውን አምልኮ ማጋራት ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የሚለመነው አላህ ብቻ ሲሆን፥ ወልዩ ወደርሱ የሚያቀርብ መንገድ ነው ብለው ይመልሳሉ።

ይህን ክርክር በአዲስና በአሮጌ ወገን መካከል ያለ ጠብ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በአንድ መሠረት ላይ ቆመው ነው፤ ሰው የተፈጠረው አላህን ብቻ ለማምለክ መሆኑን ሁለቱም ያምናሉ። አንደኛው የልውውጡ አሳብ፥ ማለት ስለት ሰጥቶ ልጅ መቀበል፥ በዚያራው በኩል ተመልሶ እንዳይገባ ይፈራል። የፋንዳኖን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍርሃት መሠረት የለሽ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ያለ ዚያራና ያለ ዜማ ትምህርቱ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ እንዴት ይደርስ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ይህም ጥያቄ በታሪክ የተደገፈ ነው፤ ያልተማረው ገበሬና ሴቶች ስለ አኺራ የሰሙት ብዙ ጊዜ በዜማ ነበርና።

ለትምህርቱ መስፋፋት ሌላው ታላቅ ነገር የአማርኛው የቁርኣን ትርጕም ነው። ይህ ትርጕም በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን በ1969 ታትሟል። ቁርኣንን በዐረብኛ ቃሉን ብቻ አጥንቶ ትርጕሙን ከመምህሩ አፍ ይጠብቅ የነበረው ሰው፥ አማርኛ ማንበብ ከቻለ፥ ሰው ስለ ምን እንደ ተፈጠረ ራሱ ከመጽሐፉ ሊያነብ ቻለ።

በቀብር ላይ

በዚህ አገር ሙስሊሙ የሚኖረው ብቻውን አይደለም። የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ከምባታና ወደ ሀዲያ ገብተው ካስተማሩ በኋላ፥ አብዛኛው የፋንዳኖ ተከታይ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ክርስቲያን ሆኗል፤ ሌላው ወደ እስልምና ገብቷል። በዚህ ምክንያት ወንድማማቾች በሃይማኖት ተለያይተው የሚገኙበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሁለቱም የአያታቸውን መሥዋዕት ትተዋል፤ ሁለቱም በትንሣኤና በፍርድ ያምናሉ። የሚለያዩት ሰው በምን እንደሚድን ነው። ክርስቲያኑ በክርስቶስ ቤዛነት ሲል፥ ሙስሊሙ ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም፥ ሰው በእምነቱና በሥራው ተመዝኖ በአላህ ምሕረት እንደሚድን ይናገራል።

ይህ ልዩነትና ይህ አንድነት ጎልተው የሚታዩት በቀብር ላይ ነው። የመረዳጃ ማኅበሩ በዚህ አገር ሴራ ይባላል፤ በብዙ መንደርም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድነት ለለቅሶ ይደርሳሉ። ሙስሊም ሲሞት ሳይዘገይ ይታጠባል፥ በነጭ ጨርቅ ይከፈናል፥ የጀናዛ ሶላት ይሰገድበታል። የጀናዛ ሶላት ከሌላው ሶላት የሚለየው ሩኩዕና ሱጁድ፥ ማለት ማጐንበስና ግንባርን መሬት ማስነካት፥ የሌለበት በመሆኑ ነው፤ ሰጋጁ ቆሞ አራት ጊዜ ተክቢራ እያለ ለሟቹ ምሕረት ይለምናል። በሕጉ ዘንድ ይህ ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ሁሉም ከግዴታው ይወጣል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን መላው ማኅበር ተጠያቂ ይሆናል። ክርስቲያኑ ጎረቤት በሶላቱ ባይገባም ጒድጓዱን ሲቆፍርና ቃሬዛውን ሲሸከም ይታያል። የሟቹ ከብት ምን ያህል እንደ ሆነ በዚያ ሰዓት አይነገርም። ባለ መቶ ከብቱም ምንም የሌለውም የሚከፈኑት በአንድ ዐይነት ነጭ ጨርቅ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው ስለ እስልምና ነው። እስልምና ሰው የተፈጠረው ለአገልግሎት፥ ለአደራና ለፈተና ነው፤ ሒሳቡም በአኺራ ነው ሲል፥ የዚህን ዓለም መልካም ነገር፥ ዘርን፥ ከብትን፥ እርሻን አያጠፋም፤ ከግብነት አውርዶ መሣሪያ ያደርጋቸዋል። በሀዲያና በከምባታ አገር ይህ ትምህርት ሁለት ጊዜ ተሰብኳል። በመጀመሪያው ሥርዐቱ ቀርቶ ግቡ ተረሳ፤ በሁለተኛው ግቡን ለማስታወስ መምህራኑ ብዙ ደክመዋል፤ ክርክሩም ገና አላበቃም።

ሁለተኛው ስለ ጥናቱ መንገድ ነው። ወደ መንደር ወጥቶ የሚመዘግብ ተማሪ ስንት ቀን እንደ ተጾመ፥ ምን እንደ ታረደ፥ ወደ የት እንደ ተሰገደ በቀላሉ ይጽፋል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። የፋንዳኖ ጾምና የሙስሊም ጾም በማስታወሻ ደብተር ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። የሚለያያቸውን ለማወቅ ጾመኛውን ስለ ምን እንደሚጾም መጠየቅ ያስፈልጋል። የፋንዳኖን ሥርዐት ያዩና የፈጸሙ ሽማግሌዎች ቍጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ነው። ይህን ጥያቄ ሊመልሱ የሚችሉት እነርሱ ስለ ሆኑ፥ ጠያቂው ሳይዘገይ ሊደርስላቸው ይገባል።